ጋሼ ታምሩ የፈቱልኝ የስዊድን ቃል

ኖርዝ ሜልቦርን፣ ከፎቃችን ሥር ባለው ቢሮ ወረፋ ስጠብቅ ከፕሪንተሩ የወጣው የቀለም ሽታ ካርቦን ወረቀት አስታወሰኝ። ቀና ስል ግድግዳው ላይ «ኦምቡድስማን» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የበደለው ሰው አቤት የሚልለት ሹም ነው፤ እኛ አገር እንባ ጠባቂ የምንለው። ቃሉን ግን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ ታምሩ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። የጽሕፈት መኪናቸውን ሳጥን ላይ አስቀምጠው ቀበሌው አጥር ሥር ይውላሉ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል የለየሁት እሳቸው ከጣሉት ወረቀት ነው። በወጣትነታቸው ስዊድኖች ቤት አትክልተኛ ስለነበሩ ቋንቋቸውን ለቃቅመዋል። «ኦም ማለት ስለ፣ ቡድ መልእክት፣ ማን ሰው» ይሉኝ ነበር፣ ካርቦን ባቀለመው ሰማያዊ ጣታቸው እየቆጠሩ። «ስለ ሌላው መልእክት የያዘ ሰው። እኔም እኮ እሱው ነኝ፤ ደመወዙ ቀረብኝ እንጂ።»

አባቴ በሞተ ዓመት ቀበሌው ቤቱን ልቀቁ አለን። ጋሼ ታምሩ ለእናቴ ማመልከቻ ጻፉላት፤ ምን ልበላችሁ፣ ቅኔ ነበር። ሊቀመንበሩ አንዱን መስመር ጠቁሞ ምን ማለትሽ ነው ቢላት ተንተባተበች። የራስሽን ነገር ሳታውቂ አትምጪብኝ ብሎ መለሳት።

እናቴ ወረቀቱን ለጋሼ ታምሩ መለሰችላቸው። «አይቆጡኝና ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ እኔ የለሁም።»

ወረቀቱን ዳግም አነበቡት። ከዚያ ቀደዱት። በይ ንገሪኝ አሏት፤ እስክትጨርስም የጽሕፈት መኪናውን ቁልፍ አልነኩም። ያለችውን እንዳለች ጽፈው ሲያነቡላት፣ «ቤተሰቤ» ያሉትን ልጆቼ በሉልኝ ብላ አሳረመቻቸው። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ፊት ወረቀቱን ሳታይ ተናገረችው፦ «ክረምቱ እየገባ ነው፤ ልጆቼን የት ላድርጋቸው?» ጋሼ ታምሩ በር ላይ ቆመው ነበር፤ አልገቡም። ቤታችን ቀረልን።

እሳቸው ካለፉ ቆዩ። እዚህ ፎቅ ላይ ደግሞ ፎርም የሚያስሞሉኝ እናቶች አሉ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ነገሩ ይገባኛል፤ ከነሱ በላይ ያወቅሁ የሚመስለኝ ጊዜ አለ። ልጄ፣ ሻዩ ሲቀዘቅዝ እያየች፣ ዝም ብለሽ ጻፊውና እንገላገል ትለኛለች፣ በእንግሊዝኛዋ። እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ።

«እሺ እትዬ፣ ከዚያስ?»