ውሃ የማይወድ አበባ

ሚስቴ ከመሞቷ በፊት ለቡ ያለው ግቢያችን አጥር ሥር የተከለችው አበባ የናና ዘመድ ነው፤ ሐምራዊ ያብባል፣ ድመት ይንከባለልበታል፣ ድርቅ አይፈራም። ጽጌረዳ እያጠጣ ውሃ ጠፋ ብሎ በሚያማርር ሰፈር ውስጥ ማንንም ሳይለምን የሚኖር እሱ ብቻ ነበር።

እኛ ዘንድ ፈረቃው ደርሶ ውሃ ሲመጣ፣ የበርሜሉ አሮጌ ውሃ አትክልት ላይ ይደፋል። ደጓ ጎረቤቴ ባለፉት ወራት፣ እኔ ሳልኖር፣ የራሷን በባልዲ እያመላለሰች አበባው ሥር ስትደፋ ከርማለች። አንድ ቀን ደረስኩባት።

«ጋሼ፣ እትዬ የተከሉት አበባ እኮ በውሃ ጥም ጠወለገ» አለችኝ።

«የሚገድለው መጠጣቱ ነው።»

«እንደ ባለቤቴ በሉኛ» ብላ የቀረውን ደፋችው።

ሥሩ በስብሶ ነበር። ያልጠወለገች አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጬ እዚያው አጥሩ ሥር ጠጠር በበዛበት አፈር ተከልኳት። ጣቴ ላይ የቀረው ሽታ ሚስቴ ከጓሮ ስትገባ እጇ ላይ የነበረው ነው፤ ሳልታጠብ ዋልኩ።

አሁን ውሃ በመጣ ቁጥር ወንበር አውጥቼ አጥሩ ሥር እቀመጣለሁ። ጎረቤቴ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ ወሬ እጀምርላታለሁ።