የአማኑ ሾክ

ማርቆስ አየር ጤና ካሉት ጋራዦች አጠገብ በርና መስኮት በመበየድ ይተዳደራል። ከሥራው ቀጥሎ የሚወደው ብስክሌቱን ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከጓደኞቹ ጋር ከቀራንዮ ተነሥተው ወደ ወጨጫ ተራራ ይወጣሉ። ለዓመታት ዳገቱን ቀድሞ የሚጨርሰውም፣ ቁልቁለቱን ቀድሞ የሚወርደውም እሱ ነበር። ጦር ኃይሎች ሱቅ ያላቸው ሰዎች ልጅ የሆነውን አማኑን ብስክሌት ያስለመደውም እሱ ነው። ልጁ ያኔ ማርሽ መቀየር እንኳ በቅጡ አያውቅም ነበር።

አማኑ ክረምቱ እንደወጣ የብስክሌቱን ዕቃ ይቀያይር ጀመር። መጀመሪያ ንዝረት የሚያበርደውን የፊቱን ሾክ፣ ከዚያ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን፣ ቀጥሎ ማርሹንና ጎማውን። ጓደኞቻቸው ከብበውት ሾኩን በመዳፋቸው እየተጫኑ ያደንቃሉ። ማርቆስ ራቅ ብሎ የጫማውን ክር ያጠብቃል፤ ክሩ ግን አልላላም።

«ማርቄ፣ ና ሞክረው እንጂ» አለው አማኑ።

«ሾክ ዳገት አያወጣ፤ ምኑን ልሞክረው?»

የዚያን ዕለት ቁልቁለቱ ላይ አማኑ በአጠገቡ አልፎት ሄደ። ልጁ ሳይሆን ገንዘቡ ነው የቀደመኝ አለ ማርቆስ ለራሱ። ሳምንቱን ሙሉ ሲበይድም ሲበላም ይህችኑ ሲያመነዥክ ሰነበተ። የአማኑ ስም በተነሣ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

በመጨረሻ ትንሿን የብየዳ ማሽን ሸጠና ሾክ ገዛ። ሚስቱ ሙሉወርቅ ስትሰማ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«ማሽን ሸጠህ መጫወቻ?»

«መጫወቻ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ማርቆስ ሾኩን አንሥቶ ወጣ።

እሁድ ደረሰ። አዲሱ ሾክ እውነትም ጥሩ ነው፤ ድንጋዩ ክንዱን እንደ ድሮው አይነርተውም። አማኑ ግን እንደገና ቀደመው። ማርቆስ ቁልቁለቱ ሥር ሲደርስ ትንፋሹ እንኳ አልተሰበሰበለትም።

«የቀረኝ ፍሬኑና ማርሹ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አማኑ ከብስክሌቱ ወርዶ ወደ እሱ ገፋለት። «እንካ። ያንተን ስጠኝና ተመልሰን እንውረደው።»

ተመልሰው ወጡ። ማርቆስ በአማኑ ብስክሌት ላይ ሆኖ ፍሬኑን በአንድ ጣት ነካ ሲያደርገው ጎማው ይታዘዘዋል። እንዲህ ያለ ነገር ነድቶ አያውቅም። ዛሬ አማኑ አለቀለት ብሎ አሰበ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ግን አማኑ በማርቆስ አሮጌ ብስክሌት፣ በሚንጫጫው ፍሬን፣ አቧራውን አልብሶት አለፈ። ማርቆስ ሥር ሲደርስ ልጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣ ነበር።

«እንዴት ነው የምታደርገው?» አለው ማርቆስ።

«አንተ መታጠፊያ በደረስክ ቁጥር ፍሬን ትይዛለህ። እኔ ቀድሜ እይዝና መታጠፊያው ላይ እለቀዋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ብቻዬን እየመጣሁ ስለማመድ ነው የከረምኩት።»

ማርቆስ ዕቃ ሲቆጥር ልጁ ልምምድ ላይ እንደነበር ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ይሄ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ አንገበገበው። ዕቃው በገንዘብ ይገዛል፤ ይሄኛውስ?

ቤት ሲገባ ሙሉወርቅ የእጅ ውኃ እያፈሰሰችለት «ቀደምከው?» አለችው።

«አልቀደምኩትም።»

«አይረባም ማለት ነዋ ዕቃው።»

«ዕቃውማ ደህና ነው። ልጁ ነው የሚበልጠኝ።»

ሙሉወርቅ ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ ፎጣውን አቀበለችው።

ከወራት በኋላ ሥራ ሲበረታለት ፍሬኑን ብቻ ቀየረ፤ ብረት ሲይዝ የሚውለው እጁ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲጨብጥ ይደነዝዝ ስለነበር። ዛሬ አዲስ ልጆች ምን እንቀይር ብለው ሲጠይቁት «ፍሬንና ጎማ፤ ሌላው ይቆያችሁ» ይላቸዋል። ቅናቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀውም። አማኑ መታጠፊያው ላይ ሲሰወርበት ዛሬም ጥርሱን ይነክሳል፣ ከዚያም ጣቱን ከፍሬኑ ላይ ትንሽ ያነሣል።