ከባሕር ዳር ድሬዳዋ

በቀጥታ ቢበሩ ከባሕር ዳር ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስልኬ እንዲህ ይላል። የስልክ መንገድ መቼም ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰው ግን አዲስ አበባ ወርዶ፣ ወንበር ሲያሞቅ ውሎ፣ ሌላ አውሮፕላን ይሳፈራል። ባለቤቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እዚህ ባሕር ዳር ፋብሪካ ተቀጥራ መጥታ ነው የተጋባነው። እናቷን ልንጠይቅ በሄድን ቁጥር በዚህ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ስትነጫነጭ፣ እኔ እስቅባት ነበር።

ያን ቀን አልሳቅሁም። ማለዳ ወንድሟ በእኔ ስልክ ደወለ። «እማዬ አረፈች። ለእሷ እንዳትነግራት፤ ታማለች ብለህ ይዘሃት ና፤ ቀብሩን እናቆየዋለን» አለኝ።

በእኛ አገር መርዶ በመንገድ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው የሚያረዱት። ደግ ወግ ነው፤ አልክድም። ግን ወጉን ያወጡት ሰዎች ከሟች ልጅ ጎን ቀበቶ ታጥቀው ተቀምጠው አያውቁም።

አውሮፕላኑ ጣና ላይ ዞሮ ሲወጣ ባለቤቴ ሐይቁን ዘወር ብላም አላየችው። የፊቷን ወንበር በጉልበቷ ትገፋለች። እሷ ቶሎ እንድንደርስ ትጸልያለች፤ እኔ እንዳንደርስ።

አዲስ አበባ ስንጠብቅ ባለቤቴ ወደ እናቷ ስልክ ደጋግማ ደወለች። የሚያነሳላት ወንድሟ ነው፤ «ተኝታለች» ይላታል።

«ቀጥታ አውሮፕላን ቢኖር ይሄኔ ራስጌዋ ነበርሁ» አለችኝ። የእኛ አገር አነጋገር ተጋብቶባታል።

«እሱስ ነበርሽ» አልኋት። በሰው እናት መዋሸት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ ወንድሟንም፣ ወጉንም በሆዴ ረገምሁ።

ሁለተኛው አውሮፕላን ላይ ከተቀመጥን በኋላ ቀበቶዋን አጠበቀች። ከዚያ ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

«አንተ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አልተቆጣኸኝም። ጎረቤቱስ ምን ሆኖ ነው ግልብጥ ብሎ የሸኘን? ለታመመ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚሸኘው አቦ?»

አፌን ስከፍት በመዳፏ ያዘችው።

«ዝም በል። እስክንደርስ አትንገረኝ።»

አስተናጋጇ ልናርፍ መቃረባችንን ተናገረች። ከታች ቀይ ኮረብታዎች ይታያሉ። እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ባለቤቴ ስለ እናቷ ታወራኝ ጀመር።

«እማዬ እኮ ቀፊራ ገበያ ስትገባ ነጋዴው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ክርክሯን ማን ይችለዋል?»

«እሳቸውማ አይቻሉም» አልኋት።