ከሟቹ ፎቶ ሥር የተቀመጠው ቅጽ

ፌርለ አሜይ የሰው ድረ ገጽ ትሠራለች። የሥጋ ቤቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የመዋኛውን፣ የሁለቱን አበባ ሻጮችና የሊባርትን የቀብር ድርጅት ገጽ የሠራችው እሷ ናት። በሌዬ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች የፍላንደርስ ከተማ ገጹ የተበላሸበት ሰው ኩባንያ ፍለጋ አይሄድም። የፌርለን የወጥ ቤት መስኮት ያንኳኳል።

ወደዚህ ሥራ የገባችው በማተሚያ ቤት በር ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሐዘን ደብዳቤ ፊደል ለቃሚ ሆና ተቀጠረች። ጥቁር ጠርዝ ባለው ወረቀት ላይ የሟቹን ስም፣ ቀጥሎ የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የምራቶቹንና የአማቾቹን ስም በደንቡ ትደረድር ነበር። የአንዲት ምራት ስም ከተዘለለ ቤተሰብ ለብዙ ዓመት እንደሚኳረፍ የተማረችው እዚያ ነው። በኋላ ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ፣ የሐዘን ደብዳቤውም ወደ ኮምፒውተር ገባ። እሷም ተከትላው ገባች።

ቁጡ ናት። ይህን ማንም አይክድም፣ እሷም አትክድም። ስትጮህ ሰው አይፈራትም። የሚያውቋት የሚሸሿት ድምጿ ዝቅ ሲል ነው።

በዚያ አገር ሰው ጠዋት ተነሥቶ የአየሩን ሁኔታ ከማየቱ በፊት ማን እንደሞተ ያያል። የሊባርትን ገጽ ይከፍታል፦ ፎቶ፣ ስም፣ የተወለደበትና ያረፈበት ቀን፣ የቀብሩ ሰዓት። ከሥሩ ስሙንና ጥቂት የማጽናኛ ቃል የሚያሰፍርበት ቦታ አለ። ለቅሶ የሚደረሰው እዚያ ነው። የተጻፈው ሁሉ ታትሞና ተጠርዞ ከቀብሩ በፊት ለቤተሰቡ ይሰጣል። ቤተሰቡም ማን እንደ ጻፈ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልጻፈም ያነብባል። ፌርለ ይህን ገጽ ስትሠራ ከጨመረችው የቀነሰችው ይበዛል። የሚብለጨለጭ ነገር የለበትም፣ ማስታወቂያ የለበትም። «የሚያየው ዓይኑ ያበጠ ሰው ነው» ትል ነበር።

አሮጌው ሊባርት ጡረታ ወጥቶ ልጁ ጉንተር ወንበሩን ሲይዝ መጀመሪያ ያስጠራው ፌርለን ነው።

«በቀን ስንት ሰው ይህን ገጽ እንደሚያይ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አውቃለሁ። የምቆጥረው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሁሉም አይቶ ይሄዳል። የአንዱም ኢሜይል እጃችን ላይ አይቀርም።»

«ቀርቶ ምን ሊሠራልህ?»

«በየወሩ መልእክት እንልክላቸዋለን! ስለ መቃብር እንክብካቤ፣ ስለ አበባ፣ ስለ ቀብር ኢንሹራንስ። የመመዝገቢያ ቅጽ ሥሪልኝ።»

«በየወሩ ከቀብር ቤት ደብዳቤ? ‹እስካሁን አሉ እንዴ?› እያልክ ልትጠይቃቸው ነው?»

ጉንተር ሳቀ፤ ሐሳቡን ግን አልተወም። ፌርለም ሠራችለት። ቅጹን ስለ ድርጅቱ ታሪክ በሚያወራው ገጽ ግርጌ አኖረችው። ከላዩ «የድርጅታችን ማስታወቂያ በየወሩ እንዲደርስዎ ከፈለጉ» ብላ ጻፈች። ሰው በራሱ እጅ ምልክት የሚያደርግበት ባዶ ሳጥን አደረገች፤ የተመዘገበውም በኢሜይሉ ገብቶ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ እስካላረጋገጠ ድረስ ስሙ እንዳይያዝ አደረገች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተመዘገቡት የጉንተር እናት፣ የጎረቤት ከተማው ተፎካካሪ ቀባሪ፣ እንዲሁም ቅጹን ስትሞክር ራሷ ፌርለ ነበሩ።

«ከሟቾቹ ፎቶ ሥር አድርጊው» አላት ጉንተር ተበሳጭቶ። «ሰው ያለው እዚያ ነው።»

«ሰው ሊያለቅስ ሲመጣ ኪሱ አይዳበስም» አለችው። ዝም አለ። ዝምታው እሺታ መስሏት ሄደች።

ኦዲል ዲክራነ ያረፉት በጥቅምት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከፌርለ ቤት ሦስት በር አልፎ ይኖሩ የነበሩ የውድድር ርግብ አርቢ ናቸው። ፌርለ ጎረቤት ስለሆነች በእግሯ ሄዳ ለቅሶ ደረሰች፤ ድረ ገጹን አላየችውም። ረቡዕ ዕለት ትንንሽ የሥጋ ድብልብል የተጨመረበት የቲማቲም ሾርባ ይዛ ስትገባ፣ ሚስታቸው ዙልማ ታብሌቱን ከፊታቸው አቁመው እንደ ተከሳሽ አፍጥጠውበታል።

«እስቲ እዪው» አሉ። «እኅቱ። የእኅቱ ልጅ። ሐኪሙ፤ እሱንም ጸሐፊቱ አስታውሳው ይሆናል። አለቀ!»

«ከርግብ ማኅበሩስ፣ እትዬ ዙልማ?»

«አንድ ነፍስ የለም! ዕድሜ ልኩን አብሯቸው ሰማይ ሲያንጋጥጥ የኖረ ሰው! ዊልፍሪድን ሌባ ስላለው ነው። የርግቧን መግቢያ የሚመዘግበውን ሰዓት ነካክቶ ሲያሸንፍ በሰው ፊት ስለተናገረው። ይኸው ሞቱንም ነፈጉት።»

ዊልፍሪድ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ኦዲል በውድድሩ ሰዓት ጉዳይ ከተጣሏቸው በኋላ ከማኅበሩ እንደ ወጡ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«የቀብር ቡናውን አዳራሽ ሰርዣለሁ» አሉ ዙልማ። «ለማን ነው ዳቦ የማስቀባው? ቅዳሜ እኔ፣ እኅቱና ቄሱ ሆነን እንቀብረዋለን። በሩም ይዘጋል። ለሊባርት ነግሬዋለሁ፤ ነገ ‹ቀብሩ በቤተሰብ ብቻ› ብለው ያወጣሉ። ከዚያ ወዲያ አንዳቸው መንገድ ላይ እጁን ቢዘረጋልኝ እተፋበታለሁ።»

ፌርለ ሾርባውን አስቀምጣ ወጣች። ነገሩ አልዋጥላት አለ። በዚያች ከተማ ጠላትም ቢሆን ለቅሶ ይጽፋል፤ እንዲያውም ጠላት ፈጥኖ ይጽፋል።

ቤቷ ገብታ ገጹን ከፈተች። የኦዲል ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር የሻማ ሥዕል፣ ከሻማው አጠገብ «ከእኛ ጋር ይሁኑ» የሚል ጽሑፍ። ቀጥሎ የስም ቦታ፣ የኢሜይል ቦታ፣ ምልክቱ አስቀድሞ የተደረገበት ሳጥን፣ «ላክ» የሚል ቁልፍ። የራሷ ቅጽ ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጣባት። እውነተኛው የማጽናኛ ቦታ ከአበባ ዋጋዎቹ በታች፣ ማንም ጣቱን ወደማያደርስበት ወርዷል።

ስሟንና ኢሜይሏን ጽፋ ቁልፉን ተጫነች። «እናመሰግናለን። ደርሶናል» አላት።

ከገጹ ጀርባ፣ የተላከው ሁሉ ወደሚከማችበት ገብታ አየች። የርግብ ማኅበሩ ሰዎች በሙሉ እዚያ ናቸው። ዊልፍሪድ እሑድ ማታ፣ ከሁሉ ቀድመው። ዳቦ ጋጋሪው፣ የመዘምራኑ ሴቶች፣ የኦዲል የቀድሞ የፋብሪካ ጓደኞች። አንዳንዱ ቃል የሚጽፍበት ቢያጣ በስሙ ቦታ ላይ «የቨርሜርሽ ቤተሰብ፣ ከልብ እናዝናለን» ብሎ አጭቆታል። ሌላው ስሙን ሰጥቶ፣ ምስጋናውን ተቀብሎ፣ ለቅሶ ደረስኩ ብሎ ተኝቷል። የዚያ አገር ሰው የተሰጠውን ሳጥን ሞልቶ «ደርሶናል» ከተባለ ሁለተኛ አይጠይቅም። የማረጋገጫው ኢሜይልም እንዲቀር ተደርጎ ነበር። እሱ እንኳ ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ ሰዎቹ ምን ላይ እንደፈረሙ ባወቁ።

ቀሚሷ ላይ የሾርባ ጠብታ እንዳለ ወደ ሊባርት ሄደች።

«ቅጹን ማን አንቀሳቀሰው?»

«እኔ» አለ ጉንተር ደስ ብሎት። «አየሽው? አይሆንም ስትዪኝ ነበር! በኦዲል ገጽ ብቻ ከጠቅላላው ዓመት የበለጠ ሰው ተመዘገበ። ሕዝቡ ወዶታል።»

«አንድም የተመዘገበልህ ሰው የለም። ያለህ ለቅሶ የደረሰ ሰው ነው። የኦዲልን ለቅሶ ኪስህ ከተህ ነው የተቀመጥከው!»

«ጽሑፉን ማንበብ ነበረባቸው።»

«የቱን? ሻማውን? እኔ የጻፍኩት ማስታወቂያ መሆኑን ይናገር ነበር!»

«እሱንማ ማን ይሞላዋል?»

«ማንም! ማንም አይሞላውም! ትክክሉም እሱ ነው!» በጠረጴዛው ላይ የነበረው የሬሳ አመድ ማስቀመጫ ናሙና እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ዙልማ አገሩ ሁሉ ፊቱን ያዞረባት መስሏት አዳራሹን ሰርዛለች። አሁን ደውልና እነማን እንደ ነበሩ ንገራት።»

ጉንተር ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «እሱማ አይቻልም። የሰዎቹ አድራሻ የግል መረጃ ነው። በሕግ የተጠበቀ። ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

የፌርለ ድምጽ ወረደ።

«ምን አልክ?»

«ማለቴ... ከቀብሩ በኋላ እናስተካክለዋለን። የቴክኒክ ችግር ነበር ብለን አበባ እንልክላታለን።»

«ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚቀበረው፣ ጉንተር?»

መልሱን አልጠበቀችም። በእንግዳ መቀበያው፣ የሬሳ ሣጥን እጀታዎች በተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ቅጹን ከሟቾቹ ገጽ ሁሉ ነቀለችው፤ የማጽናኛውን ቦታ ወደ ነበረበት መለሰች። ከዚያ መጻፍ ጀመረች። ጉንተር መጥቶ ከትከሻዋ በላይ አነበበ።

«በኦዲል ዲክራነ ፎቶ ሥር ስማችሁን የሰጣችሁ ሁሉ፦ ለቅሷችሁ ለቤተሰቡ አልደረሰም። በእኛ ጥፋት የማስታወቂያ መመዝገቢያ ላይ ነው የፈረማችሁት። ስማችሁን ሰርዘናል። ለዙልማ ማለት የፈለጋችሁትን ዛሬውኑ በሉ። ፌርለ አሜይ፣ ገጹን የምትሠራው።»

«‹በእኛ ጥፋት› የሚለውን አውጪው። ‹በተፈጠረ ስሕተት› በዪው።»

«በራሱ አልተፈጠረም። አንተ ነህ የፈጠርከው።»

«ፌርለ፣ ይህን ከላክሽ በዚህ ቤት ሥራ የለሽም። ከዚህ እስከ ባሕሩ ያለ ቀባሪ ሁሉ ይሰማል።»

ከደንበኞቿ ሁሉ ትልቁ ሊባርት ነው፤ ሥጋ ቤቱና ጥርስ ሐኪሙ ተደምረው ክረምቱን አያሻግሯትም። ይህን አሰበችው። አስባውም ላከችው።

«ወርኃዊ መልእክትህ ይኸው ወጣ» አለች ኮምፒውተሯን እየዘጋች። «ዕድሜ ልክህን ከዚህ የበለጠ የሚነበብ አትልክም።»

ፌርለ ከዚያው ተመልሳ ስትነግራቸው ዙልማ ነገሩን ሁሉ ቆመው ሰሙ። ከዚያ «ቅጹን ማን ሠራው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ። እዚያ ያስቀመጠው ግን እሱ ነው።»

«እሱ ሌባ፣ አንቺ ደግሞ ጆንያ ሰፊ። ሁለታችሁንም አንድ ላይ ወንዝ ውስጥ በጨመርኳችሁ!» ሾርባው እንደተከደነ ነው። «ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሙሉ ሬሳው ፊት ሳላፍር የማውቀውን ሁሉ ስረግም!»

ታብሌቱ ላይ አንድ ስም ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ የመዘምራኑ ሴቶች ተከታትለው መጡ። ዙልማ መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱን ያህል እንዳነበቡ የበሩ ደወል ጮኸ።

ዊልፍሪድ ናቸው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከብስክሌታቸው ገና መውረዳቸው ነው።

«ዙልማ፣ እኔ እኮ እሑድ ማታውኑ ጽፌ ነበር። አሁን ነው መልእክቱ የደረሰኝ፤ ለካ...»

«ለሱቅ ነው የጻፍከው! ለሱቅ!» አሉ ዙልማ። «ቤትህ የት ነው?»

«ኧረ ታውቂዋለሽ...»

«የት ነው? ይቺ ትስማው።»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ።»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ! ርግብህ ከፈረንሳይ ተለቅቃ ምሳ ሳይደርስ ቤትህ ትገባለች፤ አንተ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እዚህ ለመድረስ ሦስት ቀን! ሊባርት በቅጹ ባይሰርቅህ ኖሮ መች ትመጣ ነበር? ጣትህን አንዴ ነካ አድርገህ ተኛህ!»

ዊልፍሪድ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ፊቱን ማየት ፈርቼ ነው» አሉ።

«ሞቷል እኮ! ምን ያደርግሃል?»

ዙልማ ከላይ እስከ ታች አዩአቸው፤ ቁጣቸው አልበረደም፤ መሄጃ ግን አገኘ።

«ቅዳሜ ትሸከመዋለህ» አሉ። «ከፊት በኩል። ወገቤን ምናምን የሚባል ነገር አልሰማም። ከባድ ነው፤ እስከ መጨረሻው ቀን ሲበላ ነበር። የቀሩትንም አምስቱን አንተ ትመርጣለህ፤ ሁሉም ከማኅበሩ።»

«እሺ፣ ዙልማ።»

«ኮፍያህንም እቤትህ ተወው።»

ከዚያ ወደ ፌርለ ዞሩ። ፌርለ በሩ አጠገብ ቆማ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር።

«አንቺ ደግሞ አዳራሹ ቤት ደውዪ። ሙሉውን እፈልገዋለሁ በያቸው፤ ዳቦው በአይብም በአሳማ ሥጋም ይሁን፤ ቡናውም ይብዛ። በዚያ ዕቃሽ እንዳትልኪ። በአፍሽ ንገሪያቸው፤ በአፋቸው ‹እሺ› እስኪሉሽም ድረስ ስልኩን እንዳትዘጊ።»

ፌርለ ደወለች። አዳራሹ ቤት ያነሣችው ልጅ ቦታው ለሌላ ሰው ተይዟል ስትላት፣ የፌርለ ድምጽ ወረደ።