ፍየሏ የቀመሰችው የስኳር መድኃኒት

መድኃኒት ነው የተባለውን ሁሉ አላምንም። ልጄ የስኳር በሽታ ተገኝቶባት ኢንሱሊን ሲታዘዝላትም ተጠራጥሬ ነበር። የቆቦ ሙቀት እንዳያበላሸው ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ገንቦ እናስቀምጣለን፤ አሸዋውን በእጄ ካልዳሰስኩ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ከጎብዬ ገበያ የደረቀ ቅጠል ይዛ መጣች። ሻጩ "መርፌ ያስጥላል፤ ዩኒቨርሲቲ በአይጥ ሞክረውት ስኳር አውርዷል" ብሏታል። መርፌ የሰለቻት ልጄ ፊቷ በራ።

"አባ፣ ከነገ ጀምሮ መርፌውን ልተወው?"

"ቆይ" አልኳት።

እኛ ዘንድ የማናውቀውን ቅጠል ለመንጋው ከመስጠታችን በፊት ለአንዲት ፍየል እናቀምሳለን። እንደዚያው አደረግሁ። ፍየሏ በማግስቱ ደህና ታመነዥካለች።

"አልሐምዱሊላህ! አሁንስ ምን ቀረህ?" አለች ባለቤቴ።

ልቤ ግን አላረፈም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአይጥ ላይ የስኳር ምርምር ለሚሠራው ትልቁ ልጄ ደወልኩ።

"ፍየሏ ስኳር ነበረባት እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "አልገደላትም እንጂ ከምን አዳናት?"

እኔ ፊደልን ብቻዬን የለየሁ ሰው ነኝ፤ ሲሳቅብኝ ጥያቄ አበዛለሁ። አይጦቹን እንዴት እንደሚያሳምሟቸው ጠየቅሁት። ኢንሱሊን የሚያመነጨውን የቆሽት ክፍል የሚያበላሽ ኬሚካል ይወጓቸዋል፤ ከዚያ ቅጠሉን አጠጥተው ደማቸውን ይለካሉ።

"ኬሚካሉ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል?"

"እንደ መጠኑ ነው። ብዙ ጊዜ ትንሽ ይተርፋል።"

"የተሻላቸው እነዚያ ትንሽ የተረፈላቸው ቢሆኑስ?"

ሳቁ ጠፋ። "ሊሆን ይችላል፣ አባ።"

"የእህትህስ?"

"የእሷ አልቋል ማለት ይቻላል። መርፌውን ካቆመች በቀናት ውስጥ እናጣታለን።"

ተሞክሯል ሲሏችሁ በማን ላይ ብላችሁ ጠይቁ። የዚያ ፍጡር ሕመም የልጃችሁ ሕመም መሆኑንም ጠይቁ። ሻጩ ዋሽቷል አልልም፤ አይጧ ድና ይሆናል። ልጄ ግን አይጥ አይደለችም።

የተረፈውን ቅጠል ለፍየሏ ጣልኩላት።

"እንግዲህ እሷን ስኳር አይይዛትም" አለች ልጄ አኩርፋ።

ብልቃጡን ከአሸዋው አውጥቼ ሰጠኋትና አጠገቧ ቆምኩ።

"አያምኑኝም እንዴ?"

"አላምንሽም።"

ሳቋ አመለጣትና መርፌውን ተወጋች። እስክትነቅለው አልተነቃነቅሁም።