የሞተሬ የኋላ ወንበር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ጀማል አዲስ ሞተር ገዝቶ ሊያሳየኝ መጣ። እዚሁ ዲላ መምህር ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ሞያሌ ደርሶ መመለስ አምሮታል። «አጎቴ፣ እነዚያ የብረት ሣጥኖች አሁንም አሉ?» አለኝ። አሉ አልኩት። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለማምጣት ግን ቶሎ አልተነሳሁም።

ሣጥኖቹን ያሠራሁት በደርግ ጊዜ፣ ጎረምሳ ሳለሁ ነው። አባቴ ሱቅና አንድ የጭነት መኪና ነበረው። ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ትልቅ ሞተር ገዛና ለእኔ ለቀቀልኝ። ሲነሳ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ይበተን ነበር።

ዱካለ የሚባል የጌዴኦ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ፤ ዲላ በአንድ ዴስክ ነው የተማርነው። ሞተር ከማግኘታችን በፊት ጀምሮ ሞያሌ ልንሄድ ተማምለን ነበር፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከኋላ ተፈናጥጦ ይዘምራል። ካልዘመረ መንገድ አይገፋለትም። ከእሱ ጋር ከመዋል ብዛት፣ የሙስሊም ልጅ ሆኜ የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙሮች በቃሌ ይዣቸው ነበር።

ጉዞው ሲቃረብ የዕቃ አባዜ ያዘኝ። ከናፍጣ በርሜል ቆርቆሮ ግራና ቀኝ ሣጥን አስቀጠቀጥኩ፤ አቧራ እንዳይገባ በአባቴ መኪና አሮጌ ሸራ አለበስኩት። የንፋስ መከላከያ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ የጄሪካን ማሰሪያ አስገጠምኩ። ቤንዚን በራሽን ስለነበር ጠብ ጠብ እያደረግኩ ነበር የማጠራቅመው። ከዚያ ሦስተኛ ሣጥን አማረኝ። ለእሱ ቦታ የተገኘው ከኋላ ወንበር ላይ ብቻ ነው። ወንበሩን አስነቀልኩት። በያጁ በብሎን ልሰረው ቢለኝ፣ ይንቀጠቀጣል ብዬ አስበየድኩት።

ዱካለን ረስቼው አልነበረም። እንዲያውም ቤተሰቦቹ ካሉበት፣ በሞያሌ መንገድ ላይ ካለችው ከጨለለቅቱ መልእክት ልኮብኝ ነበር፤ ልጆች ለውትድርና እየታፈሱ ስለሆነ ሳትይዘኝ እንዳትሄድ ብሎ። የሚሠራበት የሬኮ ቡና ማጠቢያ ወቅቱ አልፎ ተዘግቷል፤ ሥራ ፈትቶ ቤት የተቀመጠ ጎረምሳ ደግሞ ለአፈሳ የተመቸ ነው። ኮታው እስኪሞላ ከአካባቢው ዞር ማለት ነበረበት። እኔ ግን ጥዬው እንዳልሄድ ብሎ ያጋነነው መሰለኝ። በሚቀጥለው ይሄዳል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ጨለለቅቱ የደረስኩት ዝናብ ጥሎ ቡናው ባበበ ሰሞን ነው። መንገዱ ሁሉ ያንን አበባ ይሸታል። ጥሩምባውን ስነፋ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ዱካለም ፀጉሩን አበጥሮ፣ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥሎ ወጣ። ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞረው። ሣጥኑን አየ። ከዚያ ምንም እንዳልያዘ ሰው ቦርሳውን በር ኋላ አስቀመጠው።

በብሎን አሳስሬው ቢሆን ኖሮ እዚያው ፈትቼ፣ ሣጥኑን ለእናቱ አደራ ሰጥቼ፣ እሱን አፈናጥጬ እሄድ ነበር። ይህን ስንት ሌሊት እንዳሰብኩት አላህ ያውቃል። እናቱ ቆጮ በአይብ አቀረቡልን፤ ጥቂት ቆርሼ ተውኩት። ስነሳ ዱካለ ቆጮውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ያንን ሣጥን ከፈተና አስገባው።

«የኔን ቦታ ይሄ ይያዝልኝ» አለና ሳቀ።

ስመለስ እቤታቸው ጎራ አልኩ። እኔ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ከገበያ አፍሰው ወስደውታል። መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን ጦር ግንባር የተረፉት በእግራቸው እየተንጠባጠቡ ገቡ፤ እሱ አብሯቸው አልነበረም። እናቱ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ከሞያሌ ስመለስ ጎራ ያልኩ ዕለት የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ቆጮው መንገድ ላይ በላኸው?»

በልቼዋለሁ አልኳቸው። እውነት ነው። ያቤሎ ላይ ተርቤ፣ ከነጠረኑ ጣፍጦኝ ጨረስኩት። ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ ያ መጣፈጡ ነው።

ጀማል ሣጥኖቹን ከዕቃ ቤት ሲያወጣ ግድግዳው ላይ በሸራ ተሸፍኖ የተሰቀለውን ወንበር አየ። ቆዳው ደህና መሆኑን ዳሰስ አድርጎ፣ ለሞተሩ ይሆን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ሣጥኖቹን ውሰድ» አልኩት። «እሱ ሰው አለው።»