የእንዳለው ቀኝ ትከሻ

የዚያን ቀን ቡሬ ላይ ከንጋት ጀምሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርድ ነበር። ሐምሌ ነው። የቆርቆሮው ጩኸት አላነጋግር ስላለን ባለቤቴ፣ እንዳለው፣ ሸሚዙን ይዞ ፊቴ ቆመ። ምን እንደፈለገ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀኝ እጁን ማንሳት አቅቶት ኖሯል። ያን ሁሉ ብረት የሚያነሳ ሰው፣ እጅጌውን እኔ አጠለቅሁለት።

እንዳለው ድሮ እህል መጋዘን ኩንታል ተሸካሚ ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ያገባሁት ያኔ ነው። በኋላ ጉልበቱን ያዩ ልጆች አስተምረን እያሉ ሲያስቸግሩት ከቤታችን ጀርባ የቆርቆሮ ክፍል ሠራና «ጂም» ብሎ ሰየመው። በወተት ጣሳ ሲሚንቶ እየሞላ ከብረት ዘንግ ጋር አያያዘ፤ ጋራዥ የጣለውን ቸርኬም ሰበሰበ። እኛ ዘንድ አሰልጣኝ በአፉ አያሰለጥንም። መጀመሪያ ራሱ አንስቶ ያሳያል፣ ከዚያ ተማሪው ያነሳል። ቆሞ የሚያዝዘውን ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ትከሻው ሲታመም የታመመው ኑሯችን ነው።

ፍኖተ ሰላም ሄደን አንድ የግል ክሊኒክ ገባን። ሐኪሟ ዶክተር ትሕትና ትባላለች፣ ወጣት ናት። እጁን ወዲያ ወዲህ አድርጋ አየችና፣

«ጅማትህ ተቆጥቷል» አለችው። «ኮርቲዞን የሚባል መርፌ አለ። እብጠቱን ያበርዳል፣ ሕመሙን ያስተኛዋል። ግን ስማኝ፣ የተኛ ሕመም ዳነ ማለት አይደለም። ስድስት ሳምንት ክብደት አትነካም። መርፌውንም ቢደጋግሙት ጅማቱን ያሳሳዋል።»

«አጥንት ያበሰብሳል ይላሉ፣ ዶክተር።»

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

«ጂም የሚመጡት ልጆች።»

«እንግዲያ እነሱ ያክሙህ!» ብላ ሳቀች። እኛም ሳቅን። ተወጋ።

አማቴ እትዬ ወለተ ሥላሴ ግን መርፌውን አላመኑትም። በማግሥቱ ልጃቸውን ይዘው ጸበል ወረዱ። ሳምንቱን ሙሉ ተጠመቀ፤ በሳምንቱ መጨረሻ እጁ ያለ ምንም ሕመም ወደ ላይ ወጣ። መርፌው ይሁን ጸበሉ እኔ አላውቅም፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ነው ያገኙት። እናቱ አላመነቱም፣ በጸበሉ ዳነ ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ፤ እሱም አላመነታም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሞ «በጸበሉ ዳንኩ» ብሎ መሰከረ። ሴቶቹ እልል አሉ። አጥማቂው መምሬ ገብረሰንበት ወደ ጎን ጠሩትና፣

«መርፌውንስ ለምን አላነሳኸውም፣ ልጄ? ሐኪሟንስ የፈጠረ እሱ አይደለም?» አሉት።

«ረሳሁት፣ አባ» አለ። አልረሳውም።

ከምስክርነቱ በኋላ ዕረፍት የሚባል ነገር ቀረ። «እግዜር አድኖኝ ብተኛ ተጠራጠርኩ ማለት ነው» አለኝ። ሰኞ ዕለት ድሮ ከሚያነሳው በላይ አነሳ። ወሬው ስለተሰማ ልጆቹም በዙ።

«ጋሼ፣ ከጸበሉ ለእኛም በጀሪካን ያምጡልን እንጂ!» ይሉታል።

«አንተን የሚያነሳህ እንቁላል ነው፤ ሂድና እናትህን ለምን!» ይላል።

ኅዳር ላይ ሕመሙ ከፊተኛው ብሶ ተመለሰበት። ጥርሱን ነክሶ ያነሳል፤ ልጆቹ ሲወጡ ግድግዳውን ተደግፎ ላቡ ይወርዳል። ዕረፍ ስለው፣ «ምን ብዬ? ጸበሉ ለቀቀኝ ብዬ?» ይላል።

ለሰው ዘመድ ጥየቃ ነው ብለን እንደገና ፍኖተ ሰላም ሄድን። ዶክተሯ በአልትራሳውንድ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«ጅማቱ እስከ ግማሽ ተቀዷል። አርፈህ ነበር?»

«አላረፈም» አልኩ እኔ።

«ይውጉኝና ልሂድ፣ ዶክተር» አለ እሱ።

«ብወጋህ ሕመሙ ይጠፋል። ሕመሙ ሲጠፋ ታነሳለህ፣ ስታነሳ ይበጠሳል። ከተበጠሰ ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱም እንደ ድሮው ላያደርግህ ይችላል።»

«ካልተወጋሁስ?»

«ካረፍክና የማሳይህን ቀላል እንቅስቃሴ ከሠራህ ሊሻልህ ይችላል። ወራት ይፈጃል።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ቢያርፍ ልጆቹ ይበተናሉ፤ ወደ ኩንታል እንዳይመለስ ትከሻ የለውም። ቢወጋ እጁ ይሄዳል። በየትም ብዞር መውጫ አልታየኝም።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት።

ዶክተሯም፣ «እሺ። እወጋሃለሁ። ግን ብረት ላለመንካት እዚሁ ሚስትህ ፊት በሚካኤል ማልልኝ» አለች።

ቀላል ነገር የጠየቀችው መስሏት ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ሰው ብዙ ነገር ይደብቃል እንጂ በሚካኤል ስም በሐሰት አይምልም።  

«አልምልም» አለ እንዳለው።

«ለምን?»

«አነሳለኋ።»

ተነሳ። እሷም መርፌውን ሳትከፍተው መልሳ አስቀመጠችው።

ቡሬ ስንገባ እኔ መምሬ ገብረሰንበት ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። «መርፌም ነበረ ብሎ ይናገር፤ ትከሻዬ ገና ነው ይበል። እኔ ራሴ አጠገቡ እቆምለታለሁ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ለእንዳለው ነገርኩት።

«እናቴን በሰው ፊት ሐሰተኛ ላድርጋት?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳሁበትም።

አሁን ቀኝ እጁ ከጆሮው በላይ አይሄድም። ዘንጉን በግራው ገፍቶ፣ ወገቡን አጣሞ ያነሳል። ልጆቹ አዲስ ዓይነት አነሳስ መስሏቸው እንደሱ እየተጣመሙ ያነሳሉ፤ እሱም «በርቱ» ይላቸዋል። እንዳለው ዛሬም ቡሬ፣ እዚያው ጂም ውስጥ ነው። ዳግም አልተወጋም፣ አላረፈምም።